ሐጂ ጋሊብ ቤት ሊሠሩበት የነበረው ቁልቁለት

ሐጂ ጋሊብ ድንጋይ የጫነውን መኪና አስከትለው፣ ከሰልጥ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ቦታቸው ሲያመሩ መንገዱ ተዘግቶ አገኙት። አንድ መቆፈሪያ ማሽን መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ያጓራል። ከአጠገቡ ቢጫ የራስ መከላከያ ቆብ የደፋች ሴት ቁጢጥ ብላ እርጥብ አፈር በመዳፏ ታድበለብላለች።

ሐጂ ጋሊብ አርባ ዓመት በግንበኝነት የኖሩ፣ የሰፈራቸውን ቤቶች እኩሌታ በእጃቸው ያቆሙ ሰው ናቸው። በመጪው ቅዳሜ ደግሞ በመከር ለሚያገባው ልጃቸው ለማእሙን የቤት መሠረት ሊያስጥሉ ነው። መጠበቅ አይሆንላቸውም። ከመኪናቸው ወርደው፣

«ልጄ፣ ሊጡ ሲደርስ ጥሪኝ፤ እኔም ትኩስ ዳቦ እወዳለሁ» አሏት።

ሴትዮዋ ሳቀች። «እንኳን ደህና መጡ ሐጂ። ይሄ ሊጥ ቤት ያፈርሳል እንጂ አያጠግብም። ትንሽ ይታገሡኝ፣ ማሽኑን አስነሣልዎታለሁ።»

የአነጋገሯ ትሕትና ቁጣቸውን አበረደው። የጭነት መኪናው ሾፌር መራሚያ የሚባል መዓዛማ ቅጠል የተጨመረበትን ሻይ ከፔርሙሱ ሲቀዳ ለእሷም እንዲሰጣት አዘዙና ጥግ ላይ ድንጋይ ስበው ተቀመጡ። ስሟ ሹሩቅ መሆኑን ነገረቻቸው። መንገዱ ሊሰፋ ስለ ታሰበ፣ ከሥሩ ያለው መሬት ምን ያህል እንደሚችል የምትመረምር የአፈር መሐንዲስ ናት።

«ለዚህም ትምህርት ቤት ይገባል?»

«አምስት ዓመት፣ ሐጂ።»

«አምስት ዓመት ጭቃ ለማየት! እኔ በአምስት ዓመት ሃያ ቤት ሠርቻለሁ። አባትሽ ምነው ዝም አሉሽ?»

«ዝም አላሉም። ‹መሬቱን አላህ አስቀምጦታል፣ አንቺ ምን ትጨምሪበታለሽ?› ብለውኛል። ደግሞም ስመረቅ ቢሮና ወንበር የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር። የጠበቀኝ ላቦራቶሪ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አፈር በወንፊት ስነፋ፣ በምድጃ ሳደርቅ፣ ስመዝን ኖርኩ። እናቴ ጎረቤት ሲጠይቃት ማብራራቱ ስለሚያሳፍራት ‹መንግሥት ቤት ናት› ትል ነበር።»

ሐጂ ጋሊብ ሳይፈልጉ ሳቁ። «ከዚያስ?»

«ከዚያ በረሃ ላኩኝ። ማሽኑ ሲቆፍር አጠገቡ ቆሜ ከየሜትሩ የሚወጣውን እመዘግባለሁ። ቆፋሪዎቹ መጀመሪያ አልሰሙኝም፤ ፀሐዩ ሲከርር ጥዬ ስላልሄድኩ ግን ለመዱኝ። ቀስ በቀስ ሪፖርት መጻፍ፣ ቀጥሎ መፈረም ጀመርኩ። ዛሬ ስድስት ሰዎች አብረውኝ ይሠራሉ። ግማሹን ሳምንት ሜዳ ነኝ፣ ግማሹን ከወረቀት ጋር። ክረምት ዝናብ ሲጥል ደግሞ ‹የት መሬት ተንዶ ማን ይደውልልኝ ይሆን› እያልኩ ስልኬን አያለሁ።»

«ተሳስተሽ አታውቂም?»

ሹሩቅ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «አንድ ጊዜ። ባለቤቱ ቸኩሎ ነበር፤ አራት ቦታ መቆፈር ሲገባን በሁለት ብቻ ፈረምኩለት። የመጋዘኑ ወለል በዓመቱ ተሰነጠቀ። ሰው አልተጎዳም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ለማንም ችኮላ አልፈረምኩም።»

ሐጂ ጋሊብ በረጅም ዕድሜያቸው ስህተቱን በገዛ አፉ የሚናገር ባለሙያ እምብዛም አላጋጠማቸውም። እሳቸውም ተናግረው አያውቁም። እውነት ለመናገር፣ የእውቀት የመጀመሪያ ምልክት ዲፕሎማው አይደለም፤ ‹እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ› ማለት መቻል ነው።

ሹሩቅ ቀና ብላ ቁልቁለቱን ተመለከተች። «ያ የተጠረገው ቦታ የእርስዎ ነው?»

«የልጄ ነው። ሦስት ፎቅ እሠራለታለሁ።»

«ዳር ዳሩን የቆሙትን የአልሞንድ ዛፎች ልብ ብለው አይተዋቸዋል? ሁሉም ከግርጌያቸው ወደ ታች ተጋድመው፣ ከዚያ ቀና ብለው ነው ያደጉት።»

«ነፋስ ነው።»

«ነፋስ ቢሆን ጫፋቸውን ነበር የሚያጎብጠው። መሬቱ በየክረምቱ ቀስ እያለ ይዟቸው የሚወርድ ይመስለኛል።»

ሐጂ ጋሊብ ደማቸው ፈላ። «አያቴ እዚህ ስንዴ ዘርቷል! አባቴ ዘርቷል! ማንንም ይዞ አልወረደም!»

«ስንዴ አይከብድም፣ ሐጂ። ሦስት ፎቅ ይከብዳል።»

«ግንቡን አወፍረዋለሁ።»

«የቆመበት መሬት ከሄደ ግንቡም አብሮ ይሄዳል። አይቆጡኝ፤ እኔም እየገመትኩ ነው። ቦታውን የጠረገልዎ ኤክስካቫተር እዚያው ስለቆመ አንድ ጉድጓድ እናስቆፍር። ጠንካራ ድንጋይ ከወጣ በሠራተኞችዎ ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።»

በሠራተኞቻቸው ፊት የሚለው ቃል ደስ አላቸው። ተስማሙ።

ኤክስካቫተሩ ሁለት ሜትር ሲወርድ ያወጣው ደረቅ አፈርና ጠጠር ነበር። ሐጂ ጋሊብ ፈገግ አሉ። ወደ አራት ሲጠጋ ግን አረንጓዴ ግራጫ የሆነ ጭቃ ይዞ ወጣ፤ ከጉድጓዱ ግድግዳም ውኃ መንጠባጠብ ጀመረ። ሐጂ ጋሊብ ወርደው ሊያዩ ሲሉ ሹሩቅ ፊታቸው ቆመች።

«አይገቡም! እንዲህ ያለ ግድግዳ ሲናድ አያስጠነቅቅም። እዚሁ ላሳይዎት።»

ከኤክስካቫተሩ ባልዲ አንድ ጓል አንሥታ ለሁለት ከፈለችው። የተከፈለበት ገጽ እንደ ተወለወለ ሳህን ያብረቀርቃል፤ በላዩም ባንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ጭረቶች አሉ። «ይሄ መሬት ከዚህ በፊትም እዚህ ላይ ተንሸራትቷል፣ ሐጂ። ጭረቱ የመንገዱ ምልክት ነው።»

ሐጂ ጋሊብ ጓሉን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ጣታቸው አዳለጠ። ጓሉን ገልብጠው ደግመው ዳሰሱት።

«ከሃያ ዓመት በፊት» አሉ በመጨረሻ፣ «ከዚህ ዝቅ ብሎ ለአንድ ወዳጄ ቤት ሠርቼ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ወለሉ ወደ ታች አዘነበለ፣ ግድግዳውም በሰያፍ ተሰነጠቀ። አዋድ የሚባለውን ግንበኛዬን ‹ሲሚንቶ ሰርቀሃል› ብዬ በሰው ፊት አባረርኩት። እየማለ ነው የሄደው።»

ሹሩቅ በጥንቃቄ መለሰች። «ያላየሁት ቤት ላይ አልፈርድም። ግን ሲሚንቶ ያነሰበት ግንብ ይፈረፈራል እንጂ፣ ወለሉን ይዞ አያዘነብልም።»

ቅዳሜ መሠረት አልተጣለም። ሐጂ ጋሊብ ሹሩቅ ቦታውን በደንብ እንድትመረምር አደረጉ። የላቦራቶሪው ውጤት ሲደርስ እቤታቸው መጥታ ሪፖርቱን በሚገባቸው ቋንቋ አስረዳቻቸው። የታችኛው ቁልቁለት ቤት አይችልም። ላይኛው የኮረብታው ትከሻ ግን ሦስት ቦታ ተቆፍሮ፣ ሦስቱም ላይ ገና ከላዩ ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ተገኝቷል። ቤቱ ሁለት ፎቅ ይሁን፤ የዝናቡም ውኃ ወደ ቁልቁለቱ እንዳይሰርግ በቦይ ይመራ።

በማግሥቱ ሐጂ ጋሊብ ደንበኛ በሚበዛበት ሰዓት፣ አዋድ ንጣፍ ድንጋይ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄዱ። አዋድ ሲያያቸው ከወንበሩ አልተነሣም።

«አዋድ፣ ሲሚንቶው አልነበረም። መሬቱ ነበር። በሰው ፊት ያዋረድኩህን በሰው ፊት ልክስህ መጥቻለሁ።»

አዋድ ዓይኑን ከእጁ ላይ ሳያነሣ፣ «ሃያ ዓመት ቆዩ፣ ሐጂ» አለ። «እናቴ ሌባ አለመሆኔን ሳትሰማ ሞተች።»

ሐጂ ጋሊብ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ። አዋድ ብዙ ቆይቶ ሌላ ወንበር ሳበላቸው። ከወር በኋላ የማእሙንን ቤት ማዕዘን ያቆመው እሱ ነው።

ከሠርጉ በኋላ በመጣው ክረምት ዝናቡ ዘጠኝ ቀን ሳያቋርጥ ወረደ። የታችኛው ቁልቁለት አጥሩን ይዞ ተናደ፤ ጉድጓዱም የነበረበት ቦታ ጠፋ። ማእሙንና ሚስቱ ላይኛው ትከሻ ላይ ተኝተው አደሩ፤ የሰሙት የውኃውን ድምፅ ብቻ ነው።

የሰፈሩ ሰዎች መናዱን ሊያዩ ሲሰበሰቡ ሐጂ ጋሊብ ተናገሩ። «ከዛሬ ጀምሮ አፈሩ ሳይመረመር መሠረት የሚቆፍር ሰው እኔን አይጥራኝ። ቤት የሚቆመው በግንበኛ እጅና በመሐንዲስ ዓይን ነው። የተመረመረ መሬት ልጅ ያሳድራል፤ በባልንጀራም ላይ ያለ ጥፋቱ ጣት አያስቀስርም። ሴት ልጁ ይሄን ትምህርት የወደደችለት ሰው ካለ፣ እንዳይከለክላት። ሥራው ጭቃ ነው፣ ፀሐይ ነው፤ ግን የሰው ነፍስ ያድናል።»

አንዱ ጎረቤት፣ «እርስዎስ አርባ ዓመት ያለ መሐንዲስ ሠርተው የለም እንዴ? ቤቶቹ ይኸው ቆመዋል!» አላቸው።

«ቆመዋል» አሉ ሐጂ ጋሊብ። «ስንቶቹ በእኔ ሙያ፣ ስንቶቹ በአላህ ቸርነት ብቻ እንደ ቆሙ ግን አላውቅም። ሹሩቅ ሐሙስ ትመጣለች፤ እያንዳንዱን ቤት እያንኳኳን፣ ያዘነበለ ወለል ወይም የተሰነጠቀ ግድግዳ እንዳለ እንጠይቃለን። ያንተን በር አስቀድመናል።»