ከቤት የሚወጣው በዳይ ነው

ከወግዲ ወደ መካነ ሰላም የሚሄደው ሚኒባስ ገበያተኛውን እንዳጨቀ ዳገቱ ወገብ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ ሁሉንም አወረደ። ከሁሉም አብዝተው የተቆጡት አቶ አምባቸው ነበሩ። የእርቅ ቀጠሮ አለባቸው፤ አምባቸው ያልተቀመጠበት እርቅ ደግሞ በእርሳቸው አስተያየት ጨው የሌለው ወጥ ነው።

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ እንደ ተቀመጡ አንዲት ልጅ ዝቅ ብላ ሰላም አለቻቸው። የወዳጃቸው የጨርቅ ነጋዴው የረመዳን ልጅ ኢልሀም ናት፤ ደሴ ሕግ ትማራለች፣ ለእረፍት መምጣቷ ነው። ወዴት እንደሚሄዱ ብትጠይቃቸው በኩራት አወጓት። ዋለ የሚባል ጎረቤታቸው ሚስቱን ሰብሌን «ትንሽ አጥፍቶባት» መካነ ሰላም እናቷ ወርቄ ዘንድ ሸሽታለች፤ ዛሬ አስታርቀው ሊመልሷት ነው።

«ትንሹ ጥፋት ምን ያህል ነው አባባ?» አለች ኢልሀም።

«ክንዷ ተሰብሯል አሉ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንግዲህ ባልና ሚስት ናቸው። የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም።»

አምናም ሸሽታ እንደነበር፣ ያኔም የመለሷት እርሳቸው እንደሆኑ ሲጨምሩ ልጅቱ ዓይኗ ፈጠጠ። ክንድ መስበር ወንጀል እንደሆነ፣ ወንጀል ደግሞ በምርቃት እንደማይዘጋ፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት ሊያዩት እንደሚገባ እየተጣደፈች አስረዳቻቸው። አቶ አምባቸው ሳቁ፤ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብለው ተረቱባት። ባል ከታሰረ ማን ያርሳል? ልጆቹን ማን ያበላል? ወገኖቹ ቂም ቢይዙስ? ጥያቄውን ሲያከታትሉት ገበያተኛው ጎማውን ትቶ ከበባቸው። ዶሮ የታቀፈች ሴት እውነታቸውን ነው ስትል፣ ሌላዋ ምን እውነት አለበት ብላ ተነሣችባት፤ ሾፌሩ እንኳ ክሪኩን እንደያዘ ሊሰማ ቀረበ።

አቶ አምባቸው አሁን አንቀጽ ትጠቅስብኛለች ብለው ሲጠብቁ ልጅቱ ወደ ራሳቸው ሙያ ዞረች።

«አባባ፣ እርስዎ በአገሩ የታወቁ ደም አድራቂ፣ የገዳይና የሟች ወገን አስታራቂ ነዎት። ነፍስ ያጠፋ ሰው እርቅ እስኪወርድ የት ነው የሚቀመጠው?»

በዚህስ ማንም አይቀድማቸውም። «ከመንደሩ ይወጣል» አሉ ቀና ብለው። «የሟች ወገን ከሚቀዳበት ምንጭ አይቀዳም፤ ከሚገበይበት ገበያ አይገበይም። በዳይ ነዋ።»

«ዋስ የሚጠራውስ?»

«እሱው በዳዩ።»

«አምና ሰብሌ ስትመለስ ዋስ የጠራው ዋለ ነው?»

አቶ አምባቸው ዙሪያቸውን ቃኙ። ሰው ሁሉ ይጠብቃቸዋል። «ዋስ የሆነችው ወርቄ ናት» አሉ በመጨረሻ። «ልጄ ሁለተኛ አትኮበልልም ብላ።»

«እንግዲያው ከቤት የወጣችውም የተደበደበችው፣ ዋስ የተጠየቀችውም የተደበደበችው ናት። ለሟች የሚሠራው የአባቶች ሥርዓት በሕይወት ላለችው ለምን ተገለበጠ? በዳዩ እንዲወጣላት ሰብሌ መሞት አለባት?»

ዶሮ የታቀፈችው ሴት፣ «እኔንም እንዲሁ ነው የመለሱኝ» አለች።

ሽማግሌው በቀላሉ እጅ የሚሰጡ አልነበሩም። «ታዲያ ሽማግሌ ይቅር ነው የምትይኝ?» አሏት።

«ወላሂ አላልኩም። ክንዷን ሐኪም ይጠግን፤ ጥፋቱን ዳኛ ይይ። ግን ዳኛ አያርስም። መሬቱ በሕግ የሁለቱም ነው፤ መንደሩን አስተባብሮ ማን ያሳርስላታል? ወገኖቹ ሲዝቱባት ማን ይገሥጻል? ይህ የእናንተ ሥራ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተው ናችሁ።»

ጎማው ተገጠመ። ሚኒባሱ እስከ መካነ ሰላም ድረስ በክርክር ተናጠ። ሲወርዱ አቶ አምባቸው ኢልሀምን ነይ ከእኔ ጋር አሏት።

ወርቄ ግቢ ሽማግሎቹ ተቀምጠዋል። ዋለ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሰብሌ ጄሶ የታሰረ ክንዷን አንግታ በሩ ሥር ተቀምጣለች። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ምሕረት ሳያገኝ አይሄድምና ሁሉም የሚጠብቀው ከአምባቸው አፍ የሚወጣውን አንድ ቃል ነበር።

«አውርድ» አሉ። የዋለ ፊት ሲበራ አይተው ቀጠሉ፤ «ማርንህ ማለቴ አይደለም። ድንጋይ አጥንት አይጠግንም። በአባቶቻችን ወግ ከቤት የሚወጣው በዳይ ነው። ቤቱን ለቀህ ትወጣለህ፤ አሁን ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሄዳለን።»

ግቢው ተንጫጫ። አንዱ ወግ አፈረስክ አላቸው። እርሳቸው ግን በመንገድ የሰሙትን የራሳቸው ግኝት አስመስለው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ አስረዱ፤ ኢልሀም ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ወደ ሰብሌ ዞሩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምን ትፈልጊያለሽ ያላት ሰው አልነበረም።

«ከልጆቼ ጋር ቤቴ ልግባ» አለች። «እሱ ዳኛ ፊት ይቁም። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔው አስብበታለሁ።»

በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ፣ በደም ያላፈርንበትን ሥርዓት በዚህ ለምን እናፍርበታለን ብለው ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው፤ ዋለን መሐል አድርገው ከግቢው ሲወጡ የሰፈሩ ሰው በየበሩ ቆሞ ያይ ነበር።

ዋለ ተፈርዶበት ታሰረ። የተፈራው ሁሉ ግን አልሆነም። አቶ አምባቸው በሬዎቻቸውን ጠምደው ወደ ሰብሌ ማሳ ሲወርዱ መንደሩም ተከተላቸው፤ መሬቷ ጦሙን አላደረም፣ ልጆቿም ከትምህርት አልቀሩም። የዋለ ወገኖች ሽማግሎቹን አፍረው ዛቻቸውን ዋጡ። እጁ የሚፈጥን ባል ሁሉ ከእንግዲህ ሽማግሌ የሚመጣው ሚስትን ለመመለስ ሳይሆን እሱን ለማስወጣት መሆኑን ሲረዳ እጁን ሰበሰበ። የተጎዱ ሴቶችም በር ላይ ወደቅሁ ማለት ትተው እውነቱን ለሐኪም መናገር ጀመሩ።

ጄሶው በወለቀ ሰሞን አቶ አምባቸው ሰብሌ ቤት ሄዱና፣ «ስላምናው አፉ በይኝ ልጄ» አሏት።

ሰብሌ ክንዷን ዘርግታ ልታጥፈው ሞከረች። «ገና አልታጠፈልኝም አባቴ» አለች። «የታጠፈልኝ ቀን አፉ እልዎታለሁ።»

እርሳቸውም እንደ ልማዳቸው ሊያግባቧት አልሞከሩም። ሞፈራቸውን አንሥተው ወደ ማሳዋ ወረዱ።