ምሽጋችንን የሚያውቅ እንግዳ

ሻምበል ዳዋሌ ሮብሌ ከአባታቸው ከሐጂ ሮብሌ ሳመተርና ከእናታቸው ከወይዘሮ አምበሮ ጂብሪል እ.ኤ.አ. በ1943 እዚሁ በርበራ ተወለዱ። ቁርኣን ካኸተሙና ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ ጦሩን ተቀላቅለው፣ ሩሲያ የልብ ወዳጃችን በነበረችበት ዘመን ወደ ኦዴሳ ተልከው መድፈኝነት ተማሩ። መምህራቸው ካፒቴን ሉክያኖቭም ቆይቶ አማካሪ ሆኖ እዚህ ስለመጣ፣ እሱ እየተናገረ እሳቸው እያስተረጎሙ፣ ምሽግ የት እንደሚጀመርና የት እንደሚታጠፍ ለሻለቃ ጦሩ በሙሉ አስተማሩ። ይህን የሕይወት ታሪክ በቀብራቸው ላይ የሚያነበው ልጅ አባት፣ ታናሽ ወንድማቸው ሂርሲ፣ ከተማሪዎቹ አንዱ ነበሩ።

አይ ጊዜ! እ.ኤ.አ. በ1977 እኛ ሶማሌዎች ከኢትዮጵያ ጋር ስንዋጋ ሞስኮ ፊቷን ወደ አዲስ አበባ አዞረች፤ መንግሥታችንም ሩሲያውያኑን በሳምንት ውስጥ ውጡልኝ አለ። ሕዝቡ ድንጋይና ጩቤ ይዞ ሲወጣ፣ ሉክያኖቭ ጭንቅላቱን ተፈንክቶ፣ ደሙ ዓይኑን ጋርዶት ከሻምበሉ ቤት ገባና የምሰሶውን እግር አቅፎ «ማገን!» አለ፤ ይህን ቃል ብሎ የተጠለለን ሰው አሳልፎ የሰጠ ደግሞ በእኛ ዘንድ ከሰው አይቆጠርም። ሻምበሉ በሩን በደረታቸው ዘግተው «ሬሳዬን ተራምዳችሁ ግቡ!» አሉ። ሕዝቡም «ነገ ሲተኩስብህ እንዳትጠራን!» አላቸው። ድንጋይ ሁለት ጥርሳቸውን አረገፈ፣ ጩቤ ትከሻቸው ላይ ተሰካ፤ እንግዳቸውን ግን በማግስቱ ራሳቸው አውሮፕላን ላይ አሳፈሩት።

ከአራት ወር በኋላ ካራማራ ላይ፣ ሻምበሉ የጠላትን ሬዲዮ ሲያዳምጡ የመምህራቸው ድምፅ በሩሲያኛ የተኩስ ትእዛዝ ሲሰጥ ሰሙ። «ሂርሲ! ውጡ! ምሽጉን ያውቀዋል!» ብለው እየጮኹ ሮጡ። ሂርሲ ግን ሳቁ። «አንተው አይደለህ እንዴ እንዲህ ቆፍሩ ያልከን?» ሮኬቱ መታጠፊያውን ሳይስት ተከታትሎ ወረደ፤ አፈርና ሥጋ ተደባለቀ፤ ሠላሳ አንድ ሰው እዚያው ቀረ። ሻምበሉ ወንድማቸውን በእጃቸው ለቅመው፣ በሸሚዛቸው ቋጥረው ቀበሩ።

በደንባችን የሟችን ሚስት ወንድሙ ያገባልና ሽማግሌዎች ወደ ሂርሲ ሚስት ወደ ወይዘሮ ኤብላ ሄዱ። «የባሌን ገዳይ በደረቱ የከለለ ሰው ቤት? ሂዱልኝ!» አሉ። ሻምበሉ ሌላ ሳያገቡ፣ የወንድማቸውን ልጅ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አበቁ። አሜሪካኖች በተራቸው ወደቡን ይዘው አስተርጓሚ ሁን ቢሏቸውም፣ «እንግዳው ይለዋወጣል፤ የሚረገጠው ምንጣፍ ግን እኛው ነን» ብለው በመጋዘን ጠባቂነት ኖሩ። ወይዘሮ ኤብላ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከሻምበሉ ቤት ውኃ እንኳ አልቀመሱም።

ሻምበሉ ሳንባቸውን ታመው በተኙ ጊዜ ግን ወይዘሮ ኤብላ ሾርባ ይዘው መጡ። ሻምበሉ «ኤብላ፣ ያን ቀን በሩን ለሕዝቡ መክፈት ነበረብኝ?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ኤብላ ሾርባውን አጠጥተው፣ ምንም ሳይመልሱ ወጡ። ሻምበሉም መልሱን እየጠበቁ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ትናንት አረፉ።

ዛሬ ጠዋት አንባቢው በዚህ ጽሑፍ መጨረሻ የቤተሰቡን ስም ሲጽፍ እናቱ ወይዘሮ ኤብላ ከአጠገቡ ቆመው እንዲህ አሉት፦ «እኔንም ጻፈኝ። በሩን ከፍቶላቸው ቢሆን ሂርሲ ራሱ ወንድሜ አይለውም ነበር። ሲጠይቀኝ ዝም አልኩት፤ አንተ ንገርልኝ።»

ሻምበል ዳዋሌ ሮብሌ አንድ የወንድም ልጅ፣ የእሱን አራት ልጆች እና የወንድማቸውን ሚስት ወይዘሮ ኤብላን ትተው አልፈዋል። የተጠለለባቸውን አሳልፈው ያልሰጡትን ሻምበላችንን፣ አላህ በራሕመቱ ያስጠልላቸው። አሚን።