የፈረንሳዮቹ ማሊያ

እናንተዬ፣ እኔ ኳስ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም። ያን ዕለት ግን ደቡብ አፍሪካ፣ ዛንድስፕሩት ሰፈር ያለው ሱቃችን በር ላይ ከአጋሬ ከማርቆስ ጋር ቆመን ሳለ፣ ዱላ የያዙ ሰዎች "የውጭ ዜጋ ሱቅ ይዘጋ!" እያሉ መጡ። ማርቆስ ሮጦ ፍሪጁ ጀርባ ተወሸቀ። እኔ እዚያው በሩ ላይ ቀረሁ። ከፊት የነበረችው ግዙፍ ሴትዮ ዱላዋን ወደ ደረቴ ቀስራ፣ "ይሄን ማሊያ ከየት አመጣኸው?" አለችኝ። ቀለሙን ወድጄ ከጀርሚስተን ገበያ ሰልባጅ የገዛሁት ነው። "የፈረንሳይ የሴቶች ክለብ እኮ ነው!" ብላ ወደ ሰዎቿ ዞረች። "የአውሮፓን ዋንጫ እንደነሱ ደጋግሞ የወሰደ ማን አለ?"

"ድሮ ቀረ!" አለ አንድ መዶሻ የያዘ። "አሁን የስፔኖቹ ዘመን ነው።"

"ስፔኖቹማ ትናንት የመጡ ናቸው!"

ጩኸቱ ቀለጠ፤ ሱቁን ዞሮ የሚያየው ጠፋ። በመጨረሻ ሴትየዋ ክንዴን ጨምድዳ፣ "እስቲ አንተ ፍረድ፣ ማን ይበልጣል?" አለችኝ። ሁሉም አፌን ያያል። ዱላ የያዘችውን አየሁ፤ መዶሻ የያዘውንም አየሁ። ሴትየዋ ትቀርበኛለች። "ፈረንሳዮቹ ናቸዋ፣ ማማ!" አልኩ።

"ሰማችሁ? ኳስ የሚያውቅ ሰው ይሄ ነው!" አለች።

"እሱማ ያንቺው ደጋፊ ነው፣ ምን ዳኛ ይባላል!" አለ ባለመዶሻው። እንዲህ እየተሰዳደቡ በመጡበት መንገድ ተመለሱ። ማርቆስ ከፍሪጁ ጀርባ ወጥቶ "ጌታ ይመስገን!" ካለ በኋላ፣ ደረቴን ትኩር ብሎ አየና፣ "በል አውልቀው፤ ነገ የመልበሱ ተራ የኔ ነው" አለኝ።