ያልተቆጠረው ምርጥ ዘር

ደምበጫ ላይ ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ከሰው ጋር ይቃለዳል። ጠዋት ፀሐይ አሳይቶ ጃንጥላ ያስጥላል፤ ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ጠብቆ ልብስ ያስጨምቃል። በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ እኔንም እንዲሁ ሠራኝ። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወደ ቤቴ ስመለስ ዶፉ ወረደና ሮጬ የገበሬዎች ዩኒየን መጋዘን ውስጥ ገባሁ።

እዚያ ያገኘኋቸውን ሁለቱንም ሰዎች አውቃቸዋለሁ። አንደኛው መሪጌታ ገብረ ኪዳን ናቸው፤ ዲማ ቅኔ ተምረው ጉባኤ ቤት የሚያስተምሩ፣ እጃቸው ከሰው ንብረት የራቀ ነው ተብሎ የመጋዘኑ ቁልፍ የተሰጣቸው ሽማግሌ። ሁለተኛዋ ወንጌላዊት ናት፤ እኔው ያስተማርኳት፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኢንፎርሜሽን ሲስተም የሚባለውን ትምህርት አጥንታ በዩኒየኑ የተቀጠረች ልጅ። መሪጌታ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። እሷ ቆማለች፤ ፊቷ አቧራ ለብሷል፣ ዐይኖቿ ቀልተዋል።

«እንኳን መጡ መምህር፤ ይፍረዱን!» አሉኝ መሪጌታ። «ይህች ልጅዎ እህል ካልቆጠርኩ ብላ ቀኑን ሙሉ ነዘነዘችኝ። እኔ ደግሞ እህል አላስቆጥርም። አባቶቼም አላስቆጠሩም።»

አገራችንን የማያውቅ ሰው ይስቅ ይሆናል። በእኛ ዘንድ አውድማ ላይ ያለ እህል «ይህን ያህል ሆነ» አይባልም፤ የጎታም ታቹ አይታይም። በረከቱ ይሸሻል ይባላል። ገበሬ በገዛ ጓዳው እንዲህ ቢያደርግ ቢጎዳም ራሱ ነው። መሪጌታ ግን ልማዱን ከአውድማ አንሥተው የስንት ቀበሌ ገበሬ ተስፋ ወደተከማቸበት መጋዘን አስገቡት። ከቢሮ «ምን ያህል ቀረ?» ሲባሉ «ተመስገን፣ አለ» ይላሉ። ክምሩ ሲሳሳ ደግሞ «አልቋል» ብለው በሩን ይዘጋሉ፤ የታቹ የበረከቱ ነውና አይነካም። ቢሮውም አንድ ቀን መጥቶ አላየም። ከመሪጌታ ይልቅ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

«የኔታ፣ እኔ በረከት ላባርር አልመጣሁም» አለች ወንጌላዊት። «ዩኒየኑ እዚህ፣ ማርቆስና ደጀን መጋዘን አለው። እዚህ ያለው እዚያ ካልታወቀ አንዱ ጋ ዘር እየተበላሸ ሌላው ጋ ገበሬው ባዶ ጆንያውን ይዞ ይመለሳል። እኔ የምለው ይታወቅ ነው።»

«ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር ምን መጣ? መቅሠፍት መጣ! መጽሐፍ ነው የምነግርሽ።»

«ዮሴፍስ? የግብፅን እህል ይዞ አገር ያዳነው ሳይቆጥር ነው?»

«አትሳሳቺ! ዮሴፍም መስፈሩን ተወ ነው የሚለው።»

«እስኪበዛበት ድረስ ሰፍሮ ነዋ የተወው፣ የኔታ።»

መሪጌታ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ክርክር ነፍሳቸው ነው፤ የሚከራከራቸው ሰው ካገኙ ምሳቸውን ይረሳሉ።

«እሺ ይሁን። ያ የገዛችሁት ኮምፒዩተርስ ምን ሠራ? ማርቆስ ቢሮ ሄጄ አይቼዋለሁ እኮ! ዳንቴል አልብሳችሁ፣ በሩን ቆልፋችሁ፣ የሚገባውን ሰው ጫማህን አውልቅ ትላላችሁ። ታቦት አደረጋችሁት! እሱ ያላወቀውን እኔ ብናገር ምን ይጠቅማል?»

ምን ይባላል? እውነታቸውን ነው። ማሽኑ ሲገባ ከበሮ ተመታ፣ ንግግር ተደረገ፣ ፎቶ ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖ ቀረ። እኛ የተማርን ነን ባዮች ዕቃ መግዛትን ሥራ መሥራት አድርገን ስንቆጥረው ኖረናል፤ ሽማግሌው የያዙት ልማድ ቢያንስ ከአባታቸው የወረሱት ነው፣ የእኛው ግን ከማን እንደተወረሰ አላውቅም።

ወንጌላዊትም አላስተባበለችም። «ልክ ነዎት፤ እኔም አፍራለሁ። ግን ማሽኑ ለብቻው ሥርዓቱ አይደለም፣ የኔታ። እስቲ ልጠይቅዎት፦ ጉባኤ ቤት ለተማሪው ቃል ይሰጡታል፣ አይደል?»

«እሰጠዋለሁ።»

«ያጠናል፤ ከዚያ መልሶ ያሰማዎታል። ሲሳሳት ያርሙታል። ነገ የሚሰጡትንም የሚወስኑት ዛሬ ባሰማዎት ልክ ነው። አላሰማም ብሎ ዝም ቢልዎትስ?»

«ምኑን አውቄ ምን እሰጠዋለሁ? እንደደነቆረ ይቀራላ!»

«ይህ መጋዘን አላሰማም ያለ ተማሪ ነው። የመረጃ ሥርዓት የምንለው ሌላ ምሥጢር የለውም። እርስዎ የገባውንና የወጣውን ይናገራሉ፤ የማርቆሱም የደጀኑም ይናገራሉ፤ እኔ ሰብስቤ አመሳክራለሁ፤ ሥራ አስኪያጁ አይቶ ይወስናል፤ የወሰነው ተመልሶ እርስዎ ዘንድ ይደርሳል፤ ከተሳሳተም ያርሙታል። ኮምፒዩተሩ ይህን ያፈጥነዋል እንጂ አይፈጥረውም። ሰው ካልተናገረ እሱም ዳንቴሉን ለብሶ ይቀመጣል።»

«በረከቱስ?» አሉ መሪጌታ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሏል።

«ጌታ በአምስት እንጀራ ያን ሁሉ ሕዝብ አበላ። ከዚያስ? የተረፈው አሥራ ሁለት መሶብ ሙሉ ሆነ ይላል ወንጌሉ። ማን ነው የቆጠረው? ቢቆጠር በረከቱ ሸሸ?»

«ደግ ተከራከርሽ፣ ልጄ» አሉ መሪጌታ። «ታዲያ በዚህ ላይ ምን ያስለቅስሻል? ከኋላ ከወጣሽ ጀምሮ ፊትሽን አይቼዋለሁ።»

ወንጌላዊት ወደኔ አየች፤ እንድረዳት የፈለገች ይመስለኛል።

«ዛሬ እርስዎ በሩ ላይ ሆነው የዘንድሮው ዘር ሲራገፍ ቦታ ጠቦ የኋላውን አስነሣን፣ የኔታ። ከግድግዳው ጋር የአምናው ምርጥ ስንዴ አለ።»

«የታቹ ነው፤ አውቃለሁ። አራት አምስት ጆንያ ቢሆን ነው።»

«ሃያ ሰባት ኩንታል ነው። ሁሉንም ነቀዝ ጨርሶታል።»

እዚህ ላይ አንባቢዬ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። መሪጌታ አለበል የሚባል ገበሬ ልጅ ነበራቸው። ነበራቸው ልበል ወይስ አላቸው፣ አላውቅም። አምና በዘር ጊዜ፣ የመጋዘን ጠባቂ ልጅ ቀድሞ ወሰደ እንዳይባልበት ብሎ፣ ሰው ሁሉ እስኪወስድ ጠበቀ። በመጨረሻ ሲመጣ አባቱ «አልቋል» አሉት። ለልጃቸው ብለው የበረከቱን ቢነኩ አድልዎ መሰላቸው። አለበልም ከጓዳው አሮጌ ዘር ጠርጎ ዘራ፣ ዋግ መታው፣ አውድማው ባዶ ሆነ። በኅዳር ለቀን ሥራ ሁመራ ወረደ። ከጥር ወዲህ ስልኩ አይሠራም፤ አየሁት የሚል ሰውም አልተገኘ። ያን ጊዜ አንድ ኩንታል ቢያገኝ ለማሳው ይበቃው ነበር።

መሪጌታ ተነሥተው ወደ ኋላ ሄዱ። ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ በመዳፋቸው እፍኝ የማይሞላ ብናኝ ይዘዋል፤ አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ መሬት ላይ በተኑት።

«ቁጠሪ» አሉ። «ሁሉንም ቁጠሪ። ለማርቆስም ለደጀንም ንገሪ። እኔም ማታ በሩን ከመዝጋቴ በፊት እነግርሻለሁ፣ እምላለሁ። ያለውን ሳናይ የለም አንልም። የተረፈው ሳይነቅዝ ለጎደለው ይደርሳል። ቢሮውም በግምት አያዝዝም። እኔ ብሞት እንኳ መጋዘኑ አብሮኝ አይቀበርም።» ወደኔ ዞሩ። «መምህር፣ ለበረከት ብዬ ነበር እኮ። ለክፉ አልነበረም።»

«አውቃለሁ፣ መሪጌታ» አልኳቸው። ማወቄ ግን ምንም አይፈይድላቸውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼው ነው፤ እውቀታችን ሁሉ ሰው ካለቀ በኋላ ነው የሚደርሰው።

ዝናቡ እያባራ ሳለ የብርጓል የምትባለው የአለበል ሚስት ባዶ ጆንያ ትከሻዋ ላይ ጥላ ገባች። ጎንበስ ብላ አማቷን ሰላም አለች። ዝም ቢሉ ማንም አይነግራትም ነበር፤ እሳቸው ግን ዝም አላሉም።

«የብርጓል፣ አምና ለአለበል አልቋል ያልኩት ዘር ነበረ። ከኋላ ነበረ። አልቆጠርኩትም።»

«ነበረ?»

«ነበረ፣ ልጄ።»

ሴትዮዋ ጆንያዋን ከትከሻዋ አወረደች። ወንጌላዊት ተጨንቃ፣ «የዘንድሮው በደንብ አለ፤ አሁን እንቆጥረዋለን፤ የአንቺ ድርሻ አይጎድልም» አለቻት።

«እሱማ ይኑር» አለች የብርጓል፣ ጆንያዋን እያጣጠፈች። «ማን ሊያርሰው ነው?»

ጆንያዋን በብብቷ ይዛ ወደ ጭቃው ወጣች።