ከአልጋ ሥር የምትጥለው ቄብ

(ደብረ ታቦር፣ ረፋድ ላይ፤ አምና ሚስቱ የሞተችበት ጡረተኛው ጋሽ ይርዳው በሩን ይዞ ቆሟል፤ ጎረቤቱ እታፈራሁ ቄብ ዶሮዋን ፍለጋ መጥታለች።)

እታፈራሁ፦ እዚህ ናት ያለችው ጋሽ ይርዳው! ስትንካካ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ይርዳው፦ ዶሮ ሁሉ ይንካካል፤ ያንቺን በምን ለየሻት?

እታፈራሁ፦ ያሳደገ ይስታል? ስድስት ወር ሙሉ ጥሬ በትኜላት፣ ልትጥል ነው ብዬ ቅርጫት ሙሉ ጭድ አሰናድቼላት፣ አንድ እንቁላል አላሳየችኝም!

ይርዳው፦ እሺ፣ ግቢ። ከአልጋው ሥር ናት። ግን እኔ አላመጣኋትም፤ ቀን ቀን በእግሯ ነው የምትመጣው፣ ሲመሽ ካንቺው ታድራለች።

እታፈራሁ፦ ዶሮ ብታልም ጥሬዋን! እርስዎ ናፍቀዋት ነው እንዴ?... ውይ፣ ይሄ ሁሉ እንቁላል!

ይርዳው፦ አንድም አልነካሁብሽ። አንስተሽ ውሰጂ።

እታፈራሁ፦ ቆይ እስቲ። ይሄ ነጩ የማን ነው?

ይርዳው፦ የሷው ነዋ።

እታፈራሁ፦ የሷ እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው። ይሄ የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ነው፣ የሱቅ! ዶሮዋስ በእግሯ መጣች፤ ይሄስ? ቀስ በቀስ በእግሩ ሄደ እንዳይሉኝ!

ይርዳው፦ እኔ ነኝ ገዝቼ ያስቀመጥኩት። ዶሮ እንቁላል ካየችበት ትጥላለች ትል ነበር ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና።

እታፈራሁ፦ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት! እርስዎን የመሰለ ሰው፣ ለእንቁላል ብለው?

ይርዳው፦ እንቁላል እኮ አልወድም።

እታፈራሁ፦ ታዲያ የሰው ዶሮ ምን ያደርግልዎታል?

ይርዳው፦ ዶሮ የጠፋበት ሰው ፍለጋ ይመጣል።

እታፈራሁ፦ ምን?

ይርዳው፦ ከተዝካሯ ወዲህ ይሄን በር ያንኳኳ ሰው የለም። ራዲዮ ከፍቼ እውላለሁ። እሱም «እንደምን አደራችሁ» የሚለው ለአገሩ ሁሉ ነው፤ ለኔ ብሎ አይደለም። ብቻዬን መሆኑ ከበደኝ፣ እታፈራሁ።

እታፈራሁ፦ ስንት ቀንዎ ነው እንዲህ ሲጠብቁ?

ይርዳው፦ አስራ አንድ። ዛሬስ ትመጣለች እያልኩ ጧት ጧት ጢሜን እላጫለሁ።

እታፈራሁ፦ አስራ አንድ ቀን! እኔ እዚያ ማዶ የማወራው አጥቼ ከዶሮ ጋር ስጨቃጨቅ አይሰማዎትም ነበር?

ይርዳው፦ ይሰማኛል እንጂ። ራዲዮውን ቀንሼ ነው የምሰማሽ።

እታፈራሁ፦ ታዲያ ምነው አልጠሩኝ?

ይርዳው፦ ምን ብዬ ልጥራሽ?

እታፈራሁ፦ «ነይ» ብለው።