መፈለጊያውና የወጥ ቤቱ መስኮት

መቶ አርባ ሺህ... ተወው፣ ቁጭ በል ወንድሜ፤ በረንዳው ጥላ ነው። ሱሪዬን አመጣህልኝ? ጎሽ። እግሩን አሳጠርከው ወይስ አሁንም ግቢዬን እየጠረግሁበት ልሄድ ነው? አንተ ልብስ ሰፊ ሆነህ ቁራጭ ጨርቅ አትጥልም፣ እኔም አናጺ ሆኜ የተጣመመ ሚስማር አልጥልም። እስከዛሬ ሳንጣላ የከረምነው ለዚህ ነው።

ይህ ድምፅ? ውሻ አይደለም። የወርቅ መፈለጊያ ነው፣ አዲስ። መቶ አርባ ሺህ ያልኩህ ዋጋውን ነው። ከኔ ኪስ እንዳይመስልህ፤ ከልጄና ከባሏ ነው፣ ለቤት መሥሪያ ካስቀመጡት። ደግሞስ ቤት ምን ይሠራል? እንደኔ ያለ ጨዋ አማት ግቢ ውስጥ መኖር እየተቻለ...

ቀስ ብለህ አውራ አትበለኝ። አማቼ ማዳመጫ አድርጓል፤ ማሽኑ በውጭም ይጮኻል እንጂ እሱ እኛን አይሰማንም። አንድ ጆሮውን ብቻ ነው የሸፈነው? መነጽሬን አላደረግሁም፣ አላየሁትም። ይሁን፤ እኛ ስለ ሰው መቼ አወራን? ስለ ማሽን ነው የምናወራው።

ማሽኑስ ግሩም ነው። የመጣ ዕለት አንስቼ ሞክሬዋለሁ። እንደ አካፋ የሚከብድ መስሎኝ ነበር፤ ከትልቁ መዶሻዬ ብዙም አይበልጥም። ክንድ የሚያርፍበት አለው። ከታች እንደ ሰሃን የተዘረጋውን መሬት ለመሬት ታወዛውዘዋለህ። ብረት ሲያገኝ በወፍራሙ ያጉረመርማል፤ ወርቅ ሲያገኝ በቀጭኑ ይዘፍናል አሉ። ቀጭኑን ገና አልሰማነውም። ከሁሉ የወደድኩለት ግን ምኑን መሰለህ? አይዋሽም። የሌለውን አለ አይል፣ ያለውን የለም አይል። እንዲህ ያለ ነገር ወደዚህ ቤት ከገባ... ዕቃ ማለቴ ነው።

ችግሩ የኔ ግቢ ነው። እኔ ሚስማር አልጥልም፣ ሠራተኞቼ ግን ይጥሉ ነበር። የስንቱ ወንበር፣ የስንቱ አልጋ ሚስማር እዚህ አፈር ውስጥ ተኝቷል። ስለዚህ ያ መከረኛ ማሽን በየእርምጃው ያጉረመርማል። ወርቅ ፈላጊ ሁሉ ወንዝ ይወርዳል፤ የኛ ጎበዝ ከዚህች ግቢ ንቅንቅ አላለም። ለምን አትበለኝ። ጥልቅ ሰው ነው፤ የጥልቅ ሰው ምክንያት ካልተቆፈረ አይገኝም።

ይልቅ ጨዋታ ላጫውትህ። ስለ አንድ ሰው ነው፤ ሩቅ ነው፣ አታውቀውም። እሱም መፈለጊያ አማረው። ሚስቱ ደግ ናት፤ “ግዛ፤ ብቻ ምንም እንዳትደብቀኝ” አለችው። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ገዛ። መመሪያው ላይ “ድምፁን ለመልመድ መጀመሪያ የራስህን ወርቅ ቀብረህ ሞክር” የሚል ተጽፏል። የራስህን ነው የሚለው፤ አንብቤዋለሁ... አንብበውታል አሉ። ሰውየው ደግሞ የራሱ ወርቅ የለውም። ሚስቱ ሳህን ስታጥብ ቀለበቷን አውልቃ መተላለፊያው ላይ ካለው መደርደሪያ ታስቀምጣለች። ከሟች እናቷ የቀረላት ቀለበት ነው። የናቷ ጣት ቀጭን ነበር... ይህ አቧራ ዓይኔ ገባ መሰለኝ።

አነሳዋ። ሚስቱን መጠየቅማ ሥራ ማስፈታት ነው፤ ሰው አክባሪ ነዋ! ግቢው ውስጥ ቀበራት። ምልክት አደረገ ወይ? ምን ሊያደርግለት! መቶ አርባ ሺህ ሙሉ ምልክት ገዝቶ ድንጋይ ያስቀምጥ? ከዚያ ባትሪው አለቀ። ባትሪው እስኪሞላ እሱም አብሮ ጋደም አለ። ተነስቶ ቢፈልግ ሚስማር፣ ቢፈልግ ሚስማር። የድሮ ሰው የቆጡን አወርድ ሲል የብብቱን ይጥል ነበር። ይሄኛው ሠልጥኗል፤ የብብቱን በገዛ እጁ ቀብሮ ነው ወደ ቆጡ የሚወጣው።

በነገራችን ላይ፣ የኔ ወጥ ቤት መስኮት ወዴት እንደሚያይ ልብ ብለህ ታውቃለህ? እኔው ነኝ ያንን መስኮት የገጠምኩት። ልጄ ሳህን ስታጥብ ግቢው ሁሉ ወለል ብሎ እንዲታያት ብዬ ነው። የሚቀብርም፣ ቀብሮ የሚጋደምም ሁሉ ይታያል። ይህን ከጨዋታው ጋር አታገናኘው፤ ትዝ ብሎኝ ነው።

ሚስትየዋ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። ከዚያ ደውላ “ቀለበቴን አየኸው ወይ?” አለችው። እሱም ምን አለ? “እንዲጸዳልሽ አንጥረኛ ዘንድ ወስጄልሻለሁ።” እንዲህ የሚያስብ ባል ታያለህ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ቀለበት ደግሞ አንጥረኛ ቤት ሲያድር ይጠራል። የኛ ሰፈር አንጥረኛ እንኳ ሱቁን ዘግቶ ልጁ ዘንድ ከሄደ ከርሟል፤ የዚያ አገሩ ግን ለወዳጅ ሲሆን ከሩቅም መጥቶ ይከፍት ይሆናል።

ሚስትየዋ ለአባቷ ምን አለችው መሰለህ? አባትየው ማን እንደሆነ እንጃ፤ እንደኔ መልከ መልካም ሽማግሌ ነው አሉ። “እስክመለስ ራሱ ከነገረኝ ማሽኑም ይቅርለት፣ እኔም እስቃለሁ። ካልነገረኝ ግን ሻጩ እስከ ነገ ገንዘቡን ይመልሳል ብሏል፤ እመልሰዋለሁ። ቤታችንንም በኔ ስም፣ በኔ ልክ እሠራለሁ።” አባትየውም “እኔ አፌን አልከፍትም” ብሎ ቃል ገባላት። ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም አይደል? እኔም ይኸው ለማንም ምንም አልነገርኩም።

አየህ፣ ቆመ። ማሽኑን መሬት ላይ አጋደመው። ወደኛ እየመጣ ነው... ና ልጄ፣ ና አረፍ በል፤ ጊዜ አለህ። ምን ልትለን ነበር? ውሃ? እንስራው እዚያ ጥግ ነው። ጠጣ። ጉሮሮህ ላይ ሌላ የቀረ ነገር ካለም ውሃ ያወርደዋል...

ጠጣና ተመለሰ። ሥራ ወዳድ ነው። እኔ በእሱ ዕድሜ ደጃፌ ላይ ይህን ያህል ቆፍሬ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ የጉድጓድ ውሃ ነበረኝ።

የግቢው በር ነው? እሷ ናት፣ ልጄ ናት። እንኳን ደህና መጣሽ! በዚያ በኩል እለፊ፣ ጉድጓድ እንዳይጥልሽ... ሰላም ብላዋለች። ምን ትጠይቀዋለች? ራሱን ነቀነቀ። ምን አላት? አንተ ወጣት ጆሮ አለህ፣ ስማልኝ። “ነገ ያደርስልኛል” ነው ያለው? ማን፣ አንጥረኛው?... እህ።

እሷስ ለምን አጎነበሰች? እጇን በማሽኑ ላይ ልታሳርፍ ነው...

ሰማህ? ሰማህልኝ? በቀጭኑ ዘፈነ! ግቢዬ ከገባ የመጀመሪያው ነው። አይዋሽም አላልኩህም?

እንግዲህ ልማዴ ስለሆነ ሒሳቡን ልዝጋ። ትርፍ፦ ሽንኩርት ልተክልበት ያሰብኩት መሬት ያለ ቀን ሠራተኛ ተቆፈረልኝ። ሁለት ጣሳ ሚስማር ወጣ፤ ግማሹ ይቀናል። ሠራተኛዬን ሌባ ያልኩበት መሮም ተገኘ፤ ነፍሱን ይማር፣ ይቅር ይበለኝ። ኪሳራ፦ ያልተነገረች አንዲት ቃል። የወርቅ ሚዛን ላይ ብታስቀምጣት ሚዛኑ ንቅንቅ አይልም፤ ግን ይኸው የመቶ አርባ ሺህ ማሽን ይዛ ልትወርድ ነው።

ነይ ልጄ፣ እጅሽን አምጪ። ቀለበትሽ እንዴት ያበራል! ካለ አንጥረኛ እንዲህ የጠራ... ፈጣሪ ከዚህ ጣት አያውልቅብሽ። ለዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ ለቀረውም፣ ለደከመው፣ የልቡን መሻት ይስጠው፤ ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው ሁሉ ልክ እንደዛሬው በእግሩ ሄዶ፣ በሩን ከፍቶ ገብቶ፣ ፊቱ ይቁምለት። አሜን።