«ጠይቁ» እያለ የሚያስተምረው ሰው

«ይቺ ሻይ እንዴት ታምራለች! እኔ የስብሰባ ሻይ ሲባል የቀዘቀዘ ነበር የሚመስለኝ። አንቺስ ለምን አትጠጪም ልጄ? ከጠዋት ጀምሮ እኮ ቆመሽ ነው የዋልሽው። እንግዳ አስተናግዳለሁ ስትዪ አንቺው ልትወድቂ ነው፤ እንኪ፣ ቢያንስ አንድ ብስኩት አፍሽ ላይ ጣል አድርጊ።»

እንዲህ ብላ የጀመረችው ልብስ ሰፊዋ ናት። የምታናግራት ወጣት ደግሞ የሆስፒታሉ መዝጋቢ ነች፤ ካንሰር የያዛቸውን ሕፃናት መረጃ የምትሰበስብ፣ ታክመው ከወጡም በኋላ ወላጆቻቸው ጋ እየደወለች ደህንነታቸውን የምትጠይቅ። ሁለቱ በስልክ ከተዋወቁ ቆይተዋል፤ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ግን ዛሬ ገና ነው።

ከሻይ ጠረጴዛው ማዶ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ባዶ ኩባያ እንደያዘ የቆመ ረጅም ሰው አለ። የሥልጠናው መምህር ነው። ከየአገሩ የመጡት ሠልጣኞች «ዶክተር» ይሉታል። ልብስ ሰፊዋ ግን ድሮ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ተኮራምተው ሲያድጉ፣ «ሊቄ» ነበር የምትለው። ታላቅ እህቱ ናት። ይህን በአዳራሹ ውስጥ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ጠዋት እንደ ልማዱ ሞቅ አድርጎ እያስተማረ ነበር። «አንድ ልጅ ታሞ መጣ፣ ታከመ፣ ሄደ ብላችሁ ከጻፋችሁ መረጃው ግማሽ ነው» ይል ነበር። «ደውሉ! ስትደውሉም ስለ ቀጠሮ አትጀምሩ። መጀመሪያ፣ ልጅቷ እንዴት ናት? በሉ። ጠይቁ!» ይህን እያለ የአዳራሹ በር ቀስ ብሎ ተከፈተና እህቱ ቦርሳዋን በብብቷ ይዛ ገባች፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይም ተቀመጠች። ንግግሩን አቋረጠ። ውሃ ጠጣ። ሠልጣኞቹ ሰውዬው ደክሞት ነው አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መዝጋቢዋ «ከሻይ በኋላ አንዲት እናት ታናግረን፤ ሲደወልላቸው ምን እንደሚሰማቸው እንስማ» ብላ ሐሳብ አቅርባ ነበር፤ እሱም ግሩም ሐሳብ ነው ብሎ ፈቅዷል። የትኛዋ እናት እንደሆነች ግን አልጠየቀም።

ለሻይ ሲወጡ ወደ እህቱ ተጠጋ። «እታለም» ሊላት አፉን ሲከፍት፣ እሷ እንደማታውቀው ሰው ጎንበስ ብላ «ጤና ይስጥልኝ» አለችውና ፊቷን ወደ መዝጋቢዋ አዞረች። እሱም ባዶ ኩባያ አንስቶ ጀርባውን ሰጣቸው።

«እኔ ድምፅሽን ስሰማ ትልቅ ሴትዮ ነበር የምትመስዪኝ፤ ለካ እንዲህ ለጋ ነሽ! መጀመሪያ የደወልሽልኝ ቀን ትዝ ይልሻል? የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር። ልጅቷ እንዴት ናት? ስትዪኝ እኮ መርፌው ጣቴን ሊበሳኝ ነበር። ማን ናት ይቺ ስለ ልጄ የምትጠይቀኝ ብዬ… ዘመድ አይደለሽ፣ ጎረቤት አይደለሽ። በኋላ፣ ሥራዬ ነው ስትዪኝ ተረጋጋሁ። እንዴት ያለ ደግ ሥራ ነው ግን! ደመወዝ እየተከፈለው ሰው የሚጠይቅ! በነጻማ ዛሬ ማን ይጠይቃል ብለሽ ነው?…»

መዝጋቢዋ ሳቀች። እሱ ኩባያውን ሻይ ማፍያው ሥር አደረገ፤ ቧንቧውን ግን አልከፈተም።

«ድምቡሼ ምን አለችኝ መሰለሽ? ልጄን ነው፤ ያኔ በመድኃኒቱ ከስታ አጥንቷ ቢቀርም ስሟን አልቀየርንባትም። እማዬ፣ ያቺ የምትደውልልን ሴትዮ አክስቴ ናት? አለችኝ። አየሽ የልጅ ነገር! የጠየቃት ሁሉ ዘመድ ይመስላታል። አይደለችም አልኳት። አጎቴስ? አለችኝ። ኸረ አጎት የሚባል ነገር መኖሩን ከየት ሰማሽ? ብላት፣ ከትምህርት ቤት ነው አለችኝ። ትምህርት ደግ ነው፤ ያላየሽውን ሁሉ ያሳውቅሻል…»

ሊቄ ሊሄድ አሰበ። ግን የት ይሄዳል? አዳራሹ ባዶ ነው፣ ኮሪደሩ በሠልጣኞች ተሞልቷል።

«ጠዋት መምህራችሁን ሰማሁት። አቤት ዕውቀት! አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት። የስንት አገር ሕፃናት እሱ ጋ ተቆጥረው ተቀምጠዋል አሉ! ባሕር ማዶ ያለው ልጅ ምን እንደያዘው፣ ምን እንደተወጋ፣ ዛሬ በሕይወት መኖር አለመኖሩን ቁጭ ብሎ ያውቃል። እንዲህ ያለ ዓይን ለሁሉ አይሰጥም። እኔማ የዓይን ሐኪም ጋ ስሄድ የነገረኝን አስታወስኩ፤ አንዳንድ ሰው ሩቁን አጥርቶ ያያል፣ ቅርቡ ነው የሚደበዝዝበት አለኝ። በሽታ ነው አልልም… ተፈጥሮ ነው። ሰው በተፈጥሮው ይወቀሳል እንዴ?»

ሰውዬው ሳያስበው መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ።

«መቁጠር ደግሞ ቀላል እንዳይመስልሽ። ቤቴ ግድግዳ ላይ የመብራት ቆጣሪ አለ። ታማኝ ነው! ቀን ይቆጥራል፣ ሌሊት ይቆጥራል፣ ዝናብ አይበግረው። ያቺ ልጅ ታማ ቤቱ ሲጨልምብኝ እንኳ እሱ ውጭ ሆኖ መቁጠሩን አላቆመም። አንድ ቀን ግባና ያሉትን እይ ብትዪው ይገባል? አይገባም! ቆጣሪ ነዋ። ሥራው ውጭ ነው። እኔም አልተቀየምኩትም…»

መዝጋቢዋ የመብራት ክፍያ መወደዱን የምታወራ መስሏት ራሷን ነቀነቀች።

ሊቄ ግን ያን ጊዜ ተመልሶ መጣበት። ልጅቷ የደም ካንሰር እንደያዛት እናታቸው ደውላ ስትነግረው ሩቅ አገር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ነበር። ስልኩን አንስቶ የእህቱን ቁጥር አወጣ። ነገር ግን ሥራው ነውና በእንዲህ ያለ አገር፣ እንዲህ ያለ በሽታ ከያዛቸው ልጆች ስንቱ እንደሚተርፍ ያውቅ ነበር። እታለም «ልጄ ትድናለች?» ብላ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ? አለ። ስልኩን አስቀመጠው። በማግሥቱ አነሳው፤ አስቀመጠው። ሲቆይ ደግሞ ፍርሃቱ ላይ ሃፍረት ተጨመረና ስልኩ ከበደው። ዳነች የሚለውንም የሰማው ከእናታቸው ነው። ያን ዕለት የሆቴሉ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ይህን ለማን ይናገረዋል? በዚያ ሁሉ ጊዜ ለእህቱ የላከው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እህቱም አሁን እሱኑ አነሳችው።

«ያኔ ደግሞ አንድ የማውቀው የተማረ ሰው ምን ላከልኝ መሰለሽ? ሰው ብርቱካን ይልካል፣ ብርድ ልብስ ይልካል። እሱ ጥናት ላከልኝ! ብታነቢው ይጠቅምሻል ብሎ። ጽሑፉ አይገባኝም፤ መሐሉ ላይ ግን ሥዕል አለው። ወደ ታች፣ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ። እኔ የሕንጻ ፕላን መስሎኝ፣ ቤት ሊሠራልኝ ነው ብዬ ለነርሷ አሳየኋት። ነርሷ አየችውና አጥፋ መለሰችልኝ። እየጎተጎትኩ ስጠይቃት ነው የነገረችኝ። ለካስ በየዓመቱ የሚሞቱት ልጆች ናቸው ደረጃውን የሚወርዱት… ምን ያህል ቢያስብልኝ ነው ግን? ሌላው፣ አይዞሽ ብሎ ይሸነግልሻል፤ እሱ እውነቱን፣ ያውም በሥዕል! ድምቡሼ ጀርባው ላይ ድመት ሣለችበት። ባዶ ወረቀት አጥታ ነው እንጂ ንቃው አይደለም።»

የሊቄ ጆሮ ቀላ። መዝጋቢዋ መሳቋን ትታ ዓይኗን ከሴትዮዋ ወደ ሰውዬው፣ ከሰውዬው ወደ ሴትዮዋ አመላለሰች። ግንባራቸው አንድ ዓይነት ነው። ወዲያው ግን ሠልጣኝ መጥቶ ስኳር ጠየቃትና ሐሳቧ ተበተነ።

ልብስ ሰፊዋ አንድ ብስኩት አንስታ በሶፍት ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ይኼ ለድምቡሼ ነው። ዛሬ ገመድ ዝላይ ውድድር አለባት፤ አሁንማ እግሯ መሬት አይነካም። አንድ ነገር ግን አልገባኝም ልጄ። ጠዋት መምህሩ «ከክትትል የጠፋ» ሲል ሰማሁት። ቢደወልለት የማያነሳ፣ ይኑር አይኑር የማይታወቅ… ለሱ ቅጹ ላይ የምትሞሉት ቦታ አላችሁ አይደል? እንግዲህ እኔም ልጄም አልጠፋንም፤ ስልኬም ያው ድሮ የነበረው ነው፣ ቤታችንም እዚያው ነው። ግን አንዳንዴ ታማሚው ተቀምጦ ዘመዱ ይጠፋል። ለእሱስ የሚሞላ ቦታ አላችሁ? የላችሁም? ይሁን፣ ግዴለም፤ ስለማላውቅ ነው የጠየቅኩት። ደግሞ ሞልታችሁ ማን ጋ ትደውላላችሁ?…»

የአዳራሹ በር ላይ ደወል ተደወለ። ሠልጣኞች ኩባያቸውን እያስቀመጡ መግባት ጀመሩ። ሊቄ ዞረ። አሁን ሙሉ ፊቱን ለእህቱ ሰጣት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እሷ ግን የመዝጋቢዋን ሁለት እጅ ይዛ ነበር፤ ድምፅዋም ማር ማር ይል ነበር።

«በይ እንግባ፣ ልናገር አይደል የመጣሁት? አትስጊ፣ ክፉ አልናገርም። ስልክሽ ሲጠራ ልቤ እንዴት እንደሚሞቅ ነው የምነግራቸው። አንቺን ግን ሳልመርቅሽ አልገባም። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ባዳ ሆነሽ ጠይቀሽኛልና። ይህን ያስተማረሽንም ሰው ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። በሄደበት ይቅናው፣ ስሙ ከፍ ይበል። ልጆች ይስጠው፤ የልጆቹን ክፉ አያሳየው። ምናልባት እንደ ሰው ታሞ አልጋ ላይ ቢውል፣ ሌቱ አልነጋ ቢለው፣ ዓይኑ በሩ ላይ ቢንከራተት… እግዜር ብቻውን አይተወው። ወንድም ይስጠው፤ ልክ እንደ ራሱ ያለ ወንድም።»

መዝጋቢዋ ከልቧ «አሜን» አለች። በር ላይ የደረሱት ሠልጣኞችም ምርቃት መሆኑን ሰምተው «አሜን» አሉ።

ሊቄም ከአፉ አመለጠው። «አሜን» አለ።